አስር ዓመት የተባለለት አውራ ጣት

ሱሉልታ ውስጥ ቦሰናን ቁጭ ብላ ያየ ሰው ካለ ይምጣና ይመስክር። ቆማ ትበላለች፣ እየሄደች ታወራለች፣ ለቅሶ ቤት እንኳ ድንኳኑን ሁለቴ ዞራ ነው "ነፍስ ይማር" የምትለው። የምትቀመጠው ላም ሥር ብቻ ነው። እዚያም ቢሆን በርጩማዋ ላይ ሆና እግሯ መሬቱን ይመታል፣ መኪና ሊያመልጠው የደረሰ ሰው ይመስል። ዕድሜዋ ሃምሳ ዘጠኝ ነው። ሦስት የፈረንጅ ላሞች አሏት፤ ሦስቱንም በቀን ሁለቴ የምታልበው ራሷ ናት። ባሏ ከሞተ ወዲህ ልጇን ዕድላዊትን ያሳደገችው በዚያ ወተት ነው።

ዘንድሮ ጥቅምት ሲገባ ግን የባሰ እረፍት አጣች። አጣብቂኝ ውስጥ የከተታት የቀኝ እጇ አውራ ጣት ነው።

ነገሩ የጀመረው በ2008 ዓ.ም. ነው። ያኔ የቀኝ አውራ ጣቷን ሥር፣ ጣቱ ከእጅ አንጓ አጠገብ የሚበቅልበትን ቦታ፣ ቁርጥማት በልቶ በልቶ ጨርሶት አጥንት ከአጥንት ይፋጭ ነበር። ቁልፍ ማዞር አቃታት። የጀሪካን ክዳን አቃታት። ማለብማ እያለቀሱ ሆነ። በዚያው ሰሞን ከውጭ የመጡ የእጅ ሐኪሞች አዲስ አበባ አንድ ሆስፒታል ውስጥ ለሁለት ሳምንት በነጻ ሲያክሙ ተመዝግባ ዕድሉ ደረሳት። የተበላውን ጠርገው፣ ከአተር ከፍ የምትል የብረት ኳስ ከነማረፊያዋ ገጠሙላት። በሁለተኛው ወር ክዳን ከፈተች፣ በሦስተኛው ላም ሥር ገባች።

ሲሸኛት ፈረንጁ ሐኪም አስሩንም ጣቶቹን ዘረጋ። አስተርጓሚው "አስር ዓመት ያህል ያገለግላል ይላሉ" አለ። ሐኪሙ በፈገግታ ነው የተናገረው። ቦሰና ግን ወተት ሻጭ ናት፤ ቀን ያለፈበት ነገር ምን እንደሚሆን ታውቃለች። አስር ዓመት ከተባለ አስር ዓመት ነው፣ ከዚያ በኋላ ይደፋል።

እና አስር ዓመቱ ሞላ።

ጠዋት ስትነሳ መጀመሪያ የምታደርገው ጣቷን ጆሮዋ ላይ አድርጋ ማጠፍና መዘርጋት ሆነ፣ ባትሪው እንደደከመ ሬዲዮ። ጮኸ? አልጮኸም። ታዲያ ለምን አልጮኸም? ደግሞ ትደግመዋለች። ሌላ ጊዜ ቢሆን ቢወልቅም በግራዬ አልባለሁ ትል ነበር። ግራው ግን ከሁለት ዓመት ወዲህ የቀኙን የድሮ መንገድ ጀምሯል፤ ያብጣል፣ ይጠዘጥዛል፣ የያዘውን ይጥላል። ሦስቱን ላም የተሸከመው ያ ቀን ያለፈበት ብረት ብቻውን ነው። እሱ ከሄደ ላሞቹ ገበያ ይወጣሉ፤ ላሞቹ ከወጡ ቦሰና የምትሮጥበት ነገር የላትም። ይሄንን ስታስብ ግቢውን ትዞራለች።

ስትዞር ጎረቤቷ ኦቦ ጋሮማ በአጥሩ ቀዳዳ አያት። ጋሮማ ሠላሳ ዓመት በአይሱዙ የጫንጮን መንገድ የተመላለሰ ሾፌር ነበር፤ ጡረታ ከወጣ ወዲህ የሚነዳው ምላሱን ብቻ ነው።

"አካም ቡልቴ ቦሰና? ጣትሽን የምታዳምጪው ዜና አለው እንዴ?"

"አስር ዓመቱ ሞላ ኦቦ ጋሮማ።"

"ኤሬ። ኩሽኔታ አይደል ያስገቡልሽ? ኩሽኔታ ደግሞ ኪሎ ሜትር አለው። ኪሎ ሜትሩን አልፈሽ ስትነጂ ምን እንደሚሆን ልንገርሽ? ጎማው ብቻውን ጫንጮ ይገባል፣ አንቺ ዳገቱ ላይ ትቀሪያለሽ።"

"አንቱ ደግሞ፣ ሰው ሲጨነቅ መሳቅ ነው የሚያውቁት።"

"ዱጋ፣ እውነቱን ነው የምልሽ። ደግሞ ዝም ብለው አይተዉሽም። ዕቃ ያስገባ ሰው ዕቃውን ሊያይ ይመጣል። የመብራት ቆጣሪ አንባቢው አይመጣም? ይመጣል። ከዚያ ምን ያደርጋል? ይቆርጣል።" ጋሮማ በሁለት ጣቱ መቀስ ሠርቶ አሳያት፣ ሳቀ፣ ወደ ቤቱ ገባ። ለእሱ ቀልድ ነበር። ቦሰና ግን ያንን መቀስ ይዛው አደረች።

በሦስተኛው ቀን ስልኳ ጮኸ። ከትልቋ ላሟ ከቡሬ ሥር ተቀምጣ ነበር፤ ስልኩን በትከሻዋና በጆሮዋ መሃል ቀርቅራ ማለቡን ቀጠለች።

"ሄሎ፣ ወይዘሮ ቦሰናን ፈልጌ ነበር።" ድምጹ የወጣት ሴት ነው፤ ለስላሳ፣ የባንክ ማስታወቂያ የሚያነብ ዓይነት።

"ማን ልበል?"

"ዶክተር ያኔት እባላለሁ። ከአስር ዓመት በፊት አውራ ጣታቸውን የተሠሩትን ሰዎች እያፈላለግን ነው። የተገጠመላቸውን ብረት ለማየት..."

ብረቱን ለማየት። ቦሰና ከዚያ ወዲያ ያለውን አልሰማችም። የጋሮማ መቀስ ዓይኗ ላይ መጣ። እጇ ጡቱን ለቀቀ፤ ከአፏ የወጣው ድምጽ የእሷ አልነበረም። ጫንጮ ያለችው እህቷ የሰብለወርቅ ነበር፤ ቀጭን፣ በአፍንጫ የሚመጣ፣ ሁልጊዜ ቅር ያለው ድምጽ።

"ቦሰናማ አረፈች" አለች። "እህቷ ነኝ።"



"ነፍስ ይማር። በጣም አዝናለሁ። መቼ ነው ያረፉት?"

ይሄን አላሰበችበትም። "በፍልሰታ" አለች። ነገሩ ክብደት እንዲኖረው ደግሞ "ጾሙን ሳትፈታ" ብላ ጨመረችበት።

"እግዚአብሔር ያጽናችሁ። ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ ሰዓቱ እንዳልሆነ አውቃለሁ፤ ግን ለጥናታችን በጣም ይጠቅመናል። ከማረፋቸው በፊት አውራ ጣታቸው እንዴት ነበር?"

ስልኩን መዝጋት ያለባት እዚህ ጋ ነበር። ግን በአስር ዓመት ውስጥ ስለዚያ ጣት እንዴት ነው ብሎ የጠየቃት ሰው አልነበረም።

"ጣቷማ ምን ይወጣለት ነበር" አለች ሰብለወርቅ።

"ክዳን ይከፍቱ ነበር?"

"የሰፈሩን ጀሪካን እሷ ነበረች የምትከፍተው።"

"ቁልፍ ማዞር?"

"የዛገውንም።"

"ሕመሙን ከዜሮ እስከ አስር ቢሰጡት፣ ዜሮ ምንም፣ አስር የማይቻል፣ ስንት ይሉ ነበር?"

"ዜሮ። ዝናብ ሊመጣ ሲል ሁለት። ዝናቡ ሲያባራ አንድ።"

"በጣም በትክክል ያውቃሉ።"

"አንድ አልጋ ላይ ነው ያደግነው።"

የወረቀት ድምጽ ተሰማ፤ ያኔት እየጻፈች ነበር። "ላም ያልቡ እንደነበር እዚህ ተጽፏል። እስከ መቼ አለቡ?"

"እስከ ዛሬ..." ቦሰና ምላሷን ነከሰች። "እስከ ዕለቷ።" ቡሬም ከላይ ሆና ረጅም እምቧ አለች።

"ግራ እጃቸውስ?"

የሰብለወርቅ ድምጽ ተሰነጠቀ። "ግራዋ ይገድላት ነበር።"

"በሱ ነው እንዴ ያረፉት?"

"የለም፣ በጉበት ነው።"

ያኔት ተነፈሰች። "በጣም ያሳዝናል። ሁለተኛው እጅ ብዙ ጊዜ የመጀመሪያውን ይከተላል። ሐኪሞቹ ኅዳር ላይ ተመልሰው ይመጣሉ፤ እኛ ማክሰኞ ማክሰኞ የድሮዎቹን ታካሚዎች እያየን ሌላው እጃቸውም ከታመመ ቅድሚያ እየሰጠናቸው ነበር። ለእሳቸው ግን ዘገየን። በሉ እናቴ፣ ያበርታችሁ።"

ስልኩ ተዘጋ። ቦሰና በርጩማው ላይ ደርቃ ቀረች። ሊቆርጡ አልነበረም የደወሉት። ግራዋን ሊያክሙላት ነበር፤ እሷ ደግሞ ገና በፍልሰታ ሞታለች።

ቀና ስትል ዕድላዊት በረት በሩ ላይ ቆማለች። ዕድላዊት ሃያ አራት ዓመቷ ነው፣ ውሃ የሚያሽግ ፋብሪካ ውስጥ በፈረቃ ትሠራለች፤ የሥራ ጋዋኗን ገና አላወለቀችም።

"እማዬ፣ ማን ነው የሞተው?"

"እኔ።"

"እሺ። የእትዬ ሰብለን ድምጽ ምን አመጣው?"

ቦሰና እየተዘዋወረች ነገረቻት፤ ከባልዲው ወደ ግርግም፣ ከግርግም ወደ ባልዲው። ዕድላዊት መጀመሪያ አፏን ያዘች፣ ከዚያ ሆዷን ያዘች፣ በመጨረሻ ግድግዳውን ያዘች።

"ምን ያስቅሻል?"

"በጉበት አልሽ እኮ። መልሰሽ ደውዪና አለሁ በያት፣ ምን ችግር አለው?"

"ምን ብዬ? በሦስተኛው ቀን ተነሳሁ ልበላት?"

አልደወለችም። ስልኩን ታነሳለች፣ ቁጥሩን ታያለች፣ ታስቀምጣለች። አንድ ሳምንት ሆነው። ወሬው በአጥሩ ቀዳዳ ጋሮማ ጋ ደረሰና ጠዋት ጠዋት "አካም ቡልቴ" ማለቱን ትቶ "ነፍስ ይማር" ይላት ጀመር። "ተዝካርሽን አልበላሁም፣ ዝም ብለሽ ነው የሞትሽው?" ይላል። ያንን መቀስ ያሳያት እሱ መሆኑን ብትነግረው "እኔ ስለ መኪና ነው ያወራሁት" ብሎ ካደ።

ቅዳሜ ጠዋት የግራው ጉድ መጣ። ሦስተኛዋን ላም አልባ ጨርሳ ሞላ ያለውን ባልዲ በሁለት እጇ ስታነሳ የግራው አውራ ጣት ጉልበት ከሥሩ ሟሟ፣ በቃ የለም። ባልዲው ዘመመ፣ ወተቱ ጭቃው ላይ ነጭ ሆኖ ተኛ። ቦሰና አልጮኸችም። ወተቱ ወደ ቦዩ ሲሄድ እያየች ግራ እጇን በቀኟ አቅፋ ከንፈሯን ነከሰች።

ዕድላዊት እየሮጠች መጣች። "ከእንግዲህ እኔ ልለብ።"

"ቡሬ የሰው እጅ አትቀበልም።"

"እኔ ልጅሽ ነኝ።"

"ለእሷ ሰው ነሽ።"

"እማዬ፣ ለቡሬ ነው ወይስ ለአንቺ?"

ቦሰና መጥረጊያ ልታመጣ ሄደች። እውነቱ ከቡሬ ጋር አልተገናኘም። የቦሰና እናት እጅ ሃምሳ ሳይሞላት ነበር እንደ ዝንጅብል የተጣመመው። የቦሰናም ተከተለ። ዕድላዊት ስትወለድ ገና ጣቶቿን ቆጥራ፣ አውራ ጣቷን ስማ፣ ይቺ ላም ሥር አትገባም ብላ ምላለች። ትምህርት ቤት የላከቻት ለዚያ ነው፣ ፋብሪካውንም የወደደችላት ለዚያ ነው። ይሄንን ግን ለልጅቷ ነግራት አታውቅም፤ ስለ ላሟ ጠባይ ማውራት ይቀላል።

ማክሰኞ ጠዋት ነጠላዋን ደርባ ሚኒባስ ገባች። እንጦጦን ሲወጣ መስኮቱን ከፈተች፣ ዘጋች፣ ከፈተች። ረዳቱ "እማማ፣ ወይ ይክፈቱት ወይ ይዝጉት፣ መስኮቱን ለሁለት ሊከፍሉት ነው" አላት። አዲሱ ገበያ እስኪደርስ ድረስ የምትለውን ተለማመደች። ስልኩን ያነሳችው እህቴ ናት፣ ትንሽ ያማታል ልበላት? ሌላ ቦሰና ናት የሞተችው ልበላት? እያንዳንዱ ውሸት ከመንገዱ አንድ ኩርባ አይዘልቅም።

ሆስፒታሉ ኮሪደር ውስጥ አግዳሚ ወንበር ነበር፤ እሷ ግን ተመላለሰች። ወንበሩ ላይ አንድ አጠር ያለ፣ የልብስ መለኪያ ሜትር አንገቱ ላይ የረሳ ሰው ተቀምጦ ያያታል።

"እህቴ፣ ኮሪደሩን ለክተሽ ጨረስሽ" አላት። "ስንት ሜትር ሆነ?"

"ወንበሩ ቆረቆረኝ።"

"ሳትቀመጪበት?" ሳቀና ቀኝ እጁን አነሳ፤ አውራ ጣቱ ሥር እንደ እሷው ያለ ጠባሳ አለ። "ጃዕፈር እባላለሁ፣ ሰበታ ልብስ ሰፊ ነኝ። አንቺም የዚያ ዘመን ነሽ መሰለኝ።"

ቦሰና ጠባሳውን ስታይ ሳታስበው የራሷን አወጣች። ቁስላቸውን እንደሚያወዳድሩ ወታደሮች ጣታቸውን አጠጋግተው ተያዩ።

"ያንተ ስንት ዓመት ሠራ?"

"ሦስት።" ጃዕፈር ስለ አየር ጠባይ የሚያወራ ነው የሚመስለው። "ካፖርት እየቆረጥኩ ቋ አለ። ወለቀ። መልሰው ቢያስገቡት ደግሞ ወለቀ።"

ቦሰና የራሷን ጣት በነጠላዋ ሸፈነችው። "ከዚያስ?"

"ከዚያማ አወጡት። ብረቱንም፣ ሥሩ ያለችውን ትንሽ አጥንትም። አሁን ባዶ ነው፣ ንኪው።"

ነካችው። እውነትም ለስለስ ይላል፣ ጣቱም ትንሽ አጥሯል።

"እና መቀስ ትይዛለህ?"

"ሰባት ዓመት ይዣለሁ። መጀመሪያ አራት ወር ግን ምንም፤ የሸሚዝ ቁልፌን ሚስቴ ናት የቆለፈችው። አሁን ስስ ጨርቅ እንደ ድሮው ነው። ወፍራም ሲሆን መሃል ላይ አርፋለሁ። ጣቴ አጠረ ትያለሽ እንጂ እኔም አጭር ነኝ፣ ተስማማን።"

"ብረቱንስ ማን ወሰደው?" ጥያቄው ከአፏ አምልጦ ነው የወጣው።

"ማን ይወስደዋል? እኔው ጋ ነው። የአዝራር ቆርቆሮዬ ውስጥ አለ። ሰው ሱሪ ሊያሰፋ ሲመጣ አሳየዋለሁ፣ ከዚያ በዋጋ አይከራከረኝም።"

ቦሰና መሳቅ ሲጀምራት በሩ ተከፈተና ነጭ ጋዋን የለበሰች ቀጭን ልጅ "ቀጣይ" አለች። ያ የባንክ ማስታወቂያ ድምጽ ነው።

ገባች። ያኔት ዝርዝር ወረቀቷን ይዛ "ስምዎን ይንገሩኝ እናቴ" አለቻት። ቦሰና አፏን ስትከፍት ያ ከአፍንጫ የሚመጣው የሰብለወርቅ ድምጽ ሳይጠራ መጣ። "የቦሰና እህት ነኝ" አለች። "ደውለሽልኝ ነበር።"

ያኔት ዝርዝሩ ላይ አየች፤ በቀይ የተሰረዘ ስም አለ። "አዎ፣ አስታወስኩዎት። ምን ልርዳዎት?"

"ግራ እጄን ያመኛል።"

"እስኪ ሁለቱንም ያሳዩኝ።"

ቦሰና ግራዋን ዘረጋች፣ ቀኟን ነጠላዋ ውስጥ ደበቀች። ያኔት መዳፏን ዘርግታ ጠበቀች። ቀኙ ቀስ እያለ ወጣ። ያኔት ጠባሳውን በአውራ ጣቷ ዳሰሰችው፣ ደግማ ዳሰሰችው።

"እህትዎ" አለች፣ "ጣታቸውን አውርሰውዎት ነው የሞቱት?"

ቦሰና መሬት መሬት አየች። ውሸት ቆጥራ ቆጥራ አልቆባታል። "ቀኑ ያለፈበት መስሎኝ ነው" አለች በራሷ ድምጽ። "ልትወስጂው የደወልሽ መሰለኝ። ፈራሁ።"

ያኔት አልተቆጣችም። ዞር ብላ ትከሻዋ ሲንቀጠቀጥ ልጅቷ ያለቀሰች መስሏት ቦሰና ደነገጠች፤ እሷ ግን እየሳቀች ነበር። ሳቋ ሲያልፍ እስክሪብቶ አነሳችና ቀዩን መስመር በሰማያዊ ሰረዘችው። "ራጅ ተነስተው ይምጡ" አለች።

ራጁ ሲመጣ ያኔት ብርሃን ላይ ሰቀለችው። ከአጥንቶቹ መሃል ያቺ ኳስ ነጭ ሆና ታበራለች። ቦሰና ዓይን ለዓይን ያየቻት ያን ቀን ነው። ትንሽ ናት። ሦስት ላም የተሸከመች አትመስልም።

"ከድሮው ቦታዋ ትንሽ ሰምጣለች" አለች ያኔት። "እዚህ ጠርዙ ላይ ቀጭን ጥላ ይታያል። ይሄ ጥላ ካደገ ብረቱ እየላላ ነው ማለት ነው፤ ለዛሬ ግን አጥንቱ ጨብጦ ይዞታል።" በሁለት ጣት የሚቆነጠጥ የጉልበት መለኪያም ሰጠቻት። ቀኙ አምስት ኪሎ ጨመቀ። ግራው ሁለት ሳይሞላ ዓይኗ እንባ አቀረረ።

"እና ቀኑስ?" አለች ቦሰና።

"የቱ ቀን?"

"የሚያበቃበት። አስር ዓመት ነው ያሉኝ።"

ያኔት ወንበሯን አቀረበች። "እናቴ፣ ያኔ አስር ዓመት ያሉት ከዚያ በላይ የተከታተሉት ሰው ጥቂት ስለነበር ነው። ቆጥረው የደረሱት እዚያ ድረስ ነው። አስሩ የቆጣሪው ነው እንጂ የብረቱ አይደለም።"

"ታዲያ ስንት ዓመት ይኖራል?"

"አላውቅም።"

ቦሰና ተቀመጠች። ሐኪም አላውቅም ሲል በሕይወቷ ሰምታ አታውቅም።

"ለዚህ ነው የምንደውለው" አለች ያኔት። "ያን ጊዜ እዚህ የተሠሩት ዘጠኝ ናቸው። የስድስቱ ደህና እየሠራ ነው፣ እርስዎን ጨምሮ። የአንዱ ወልቆ ወጣ። አንዷ ራጃቸው ላይ ላልቷል፣ እሳቸው ግን አያመኝም ብለው እንጨት ይፈልጣሉ። የዘጠነኛው ስልክ አይነሳም።"

"ፈርቶ ነው" አለች ቦሰና። "እስኪ ሚስቱ ጋ ደውዪ።"

ያኔት ጻፈችው። ከዚያ ስለ ግራው ነገረቻት፤ ሁለት መንገድ አለ። አንደኛው እንደ ቀኙ ብረት ነው። ቶሎ ወደ ሥራ ይመልሳል፣ ግን ሊወልቅ ይችላል፣ ሊላላም ይችላል። ሁለተኛው ያቺን የተበላች አጥንት አውጥቶ ባዶ መተው ነው። ሦስት አራት ወር ያስቀምጣል፣ ጉልበቱም ትንሽ ያንሳል፤ ግን የሚወልቅ ነገር የለውም። ዓመታቱ ሲቆጠሩ የሁለቱም ውጤት ይቀራረባል።

"የትኛውንም ቢመርጡ ግን" አለች ያኔት፣ "እስካሁን የሁለት እጅ ሥራ በአንድ እጅ ሲሠሩ ነው የቆዩት። ቀኙን ያሰመጠው እሱ ይመስለኛል። በዚህ ከቀጠሉ ቀኙንም ያጡታል። እስኪ እንዴት እንደሚያልቡ ያሳዩኝ።"

ቦሰና የያኔትን አመልካች ጣት ያዘች። አውራ ጣቷን አጠፈች፣ የያኔትን ጣት እንደ ላም ጡት በታጠፈው አንጓ ላይ አድርጋ ጎተተች። ያኔት ፊቷ ተኮሳተረ።

"አውራ ጣትን አጥፈው? ዕድሜዎን በሙሉ?"

"እናቴም እንዲሁ ነበር።"

"የታጠፈ ጣት ላይ ያን ሁሉ ኃይል ሲጭኑ ሥሩ ነው የሚከፍለው። ቁርጥማቱን ሥራው ብቻ አያመጣውም፣ በዘርም ይሄዳል፤ ግን ያባብሰዋል። በመዳፍ፣ በአራቱ ጣት ጨምቆ ማለብ ይቻላል። ልጅ አለዎት?"

"ልጄ አታልብም" አለች ቦሰና ቶሎ ብላ።

"ታዲያ አራት ወር ማን ያልባል?"

ቦሰና ተነሳች። ወደ መስኮቱ ሄደች፣ ተመለሰች። አራት ወር። ልጅቷን ከላም ሥር ለማራቅ ስትል ጣቷን ጨርሳለች፤ አሁን ጣቷ ካለቀ ደግሞ ላሙ ይሸጣል፣ ወይ ልጅቷ ማንም ሳያሳያት፣ እንደ እናቷና እንደ አያቷ አጥፋ ታልባለች። በሩ ክፍት ነበር፤ ጃዕፈር ወንበሩ ላይ ሆኖ በዚያ ባዶ ጣቱ የሻይ ብርጭቆ ይዟል፣ ያወራል፣ ብርጭቆውን የያዘ መሆኑንም ረስቶታል።

"ግራውን ባዶ አድርጊው" አለች።

"ብረቱ ቶሎ ይመልስዎታል። እርግጠኛ ነዎት?"

"ቀኜን እያዳመጥኩ መኖሩ ይበቃኛል፣ በሁለት ጆሮዬ ሁለት ጣት አላዳምጥም። አንዱ ብረት ይሁን፣ አንዱ ባዶ። የቱ እንደሚሻል ግን እየመጣሁ አሳይሻለሁ።"

ያኔት ቀጠሮዋን ለኅዳር መጀመሪያው ሐሙስ ጻፈችላት።

አስራ አንድ ሰዓት ላይ ዕድላዊት ከፋብሪካ ስትገባ ቦሰና ባልዲውን አጥባ በረት በሩ ላይ ቆማ ነበር።

"እህ፣ ምን አሉሽ?"

"አልሞትሽም አሉኝ። ጋዋንሽን አውልቂ፣ እጅሽን በሙቅ ውሃ ታጠቢ።"

"ለምን?"

"ቡሬ ቀዝቃዛ እጅ አትወድም።"

ዕድላዊት እናቷን አየቻት፤ ቀልድ እየጠበቀች ትንሽ ቆየች። ቀልድ አልመጣም። እጇን ታጥባ መጣችና በርጩማው ላይ ተቀመጠች። ቦሰና ጥጃዋን አስጠግታ ጥቂት አስጠባች፣ ከዚያ ከልጇ ኋላ ቆመች።

"አውራ ጣትሽን አታጥፊው። በመዳፍሽ ያዢ። ከላይ ጀምረሽ ጣት በጣት ዝጊው።"

"አንቺ አጥፈሽ አይደል የምታልቢው?"

"እኔን ተዪኝ። እናቴም አጥፋ ነው፣ እጇን አይተሻል። አንቺ እንደሱ እንድትሆኚ አልፈልግም፤ ለዚህ ነው እስከ ዛሬ እዚህ ያላስቀመጥኩሽ። ቡሬማ ሰበብ ነበረች።"

ዕድላዊት እጇን ጡቱ ላይ እንዳደረገች "ይሄን ከድሮ ጀምሮ ብትነግሪኝ ምን ነበረበት?" አለች በቀስታ።

"እለቢ፣ ወተቱ ይሸሻል።"

የመጀመሪያው የወተት ክር ባልዲውን ስቶ የዕድላዊት ቀሚስ ላይ ወደቀ። ሁለተኛው የባልዲው ጠርዝ ላይ። ቡሬ ዞር ብላ አየቻት፣ እግሯን አነሳች፣ መልሳ አስቀመጠች። ቦሰና ወደ ግራ ሄደች፣ ወደ ቀኝ ሄደች፣ አንዴ ጎንበስ ብላ እጇ ሊዘረጋ ሲል ያዘችው። "ጠበቅ" አለች። "እንደሱ አይደለም። አዎ፣ እንደሱ።" ስድስተኛው ወይ ሰባተኛው ክር ባልዲው ውስጥ ገብቶ ቆርቆሮውን መታ። ቦሰና ሁለቱንም እጇን ነጠላዋ ሥር ከትታ በብብቷ አጥብቃ ያዘቻቸው። እነሱ ግን እዚያም ሆነው ከልጅቷ እጅ እኩል መክፈት መዝጋታቸውን አላቆሙም።